የእትዬ አስካለ ቤት የት ነው

«ለመላው የሰንሰል ሰፈር መረዳጃ እድር መድረክ ተጠቃሚዎች በሙሉ፦ በመድረካችን ገጽ ከላይ በስተግራ ይገኝ የነበረው የመፈለጊያ ሣጥን፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው ባደረገው ጥልቅ ውይይትና ሰፊ ጥናት መሠረት፣ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቀኝ የተዛወረ መሆኑን በታላቅ አክብሮትና በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት እናስታውቃለን።»

ጥልቅ ውይይት የተባለው አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ሰፊው ጥናት ደግሞ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ወንድይፍራው ስልካቸውን የሚይዙት በቀኝ እጃቸው ስለሆነ አውራ ጣታቸው እስከ ግራ ጥግ አልዘረጋ ማለቱ ነው። ማስታወቂያውን የጻፈው ሚልክያስ ሲሆን፣ «በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት» የምትለዋን ሲጨምር ብቻውን ይስቅ ነበር። ያን ሰሞን ገና ይስቃል።

ሚልክያስ ከእናቱ ከአስካለ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። የሚተዳደርበት ሥራ ለሰው ሲያስረዱት ያምታታል፤ ሰዎች ስልካቸው ላይ አንድ ነገር ጽፈው ሲፈልጉ፣ ከሚዘረገፈው የመልስ ጋጋታ መሀል የደንበኛው ገጽ ከላይ እንዲወጣ ያደርጋል። እናቱ ለጎረቤት ስትናገር «የተሰወረው እንዲገኝ የሚያደርግ ሥራ ነው» ትላለች፤ በዚህ የተነሳ ከታች ፎቅ ያለች አንዲት ሴት የጆሮ ጌጧ የት እንደወደቀ ልታስጠይቀው መጥታ ታውቃለች። ውሃ በሚመጣበት ቀን፣ በርሜሉ ሲሞላ መጀመሪያ እንደ ከበሮ ወፍሮ ኋላ እንደ ፉጨት እየቀጠነ የሚሄደው ድምፅ ይቀሰቅሰዋል። እናቱ ቅንጬ እያማሰለች ራዲዮ ታዳምጣለች፤ ከታች ካለው ዳቦ ቤት የትኩስ ዳቦ ሽታ በደረጃው ታዝሎ ይወጣል፤ እሱም በረንዳው አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ሰዎች ምን ብለው ጽፈው የትኛው ገጽ ላይ እንደወረዱ የሚያሳየውን ዘገባ እያየ ሻዩን ይጠጣል። የተረጋጋ ኑሮ ነበር።

ሰንሰል ሰፈር ከተማው መሀል የነበረ፣ አሁን የሌለ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በየግቢው አጥር ሆኖ ከሚበቅለው ሰንሰል ነበር። ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ጥቁር ጭቃ ነበረው። የቤት ቁጥር የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም፤ የሰው ቤት የሚነገረው «ከወፍጮው ዝቅ ብሎ፣ የተሰበረው ቧንቧ ጋ ሳይደርስ» እየተባለ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ሰዉ እንደ ተደፋ ጥራጥሬ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ ፈሰሰ። እድሩ ግን አልፈረሰም። ጋሽ ወንድይፍራው ቴሌግራምን የጎረምሳ መጫወቻ ነው ብለው ስለሚንቁ፣ አባላት የሚጻጻፉበት የራሱ ድረ ገጽ ተከፈተለትና «መድረክ» ተባለ።

አንድ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ነገር ነበር፤ የማይነገረውም ስለሚያስፈራ ሳይሆን ሟርት እንዳይሆን ነው። ከሰፈሩ ከተነሱ ወዲህ ከእድርተኛው አንድም ሰው አልሞተም። ሽማግሌዎቹ አልሞቱም፤ አልጋ ላይ ተኝተው የመጡት አልሞቱም። አስካለም አልሞተችም። ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል ሐኪሙ ሚልክያስን ለብቻው ኮሪደር ላይ አውጥቶ «የናትህ ልብ ደክሟል፤ የምትወደውን አብላት» ብሎት ነበር፤ ያቺው አስካለ ዛሬ ጀሪካን አንጠልጥላ አራት ፎቅ ትወጣለች። ጋሽ ወንድይፍራው ነገሩን ለኮንዶሚኒየሙ ነፋሻ አየር ይሰጡታል። «የጭቃ ቤት ነበር የሚገድለን» ይላሉ።

ለእድር ግን ሞት መጥፋቱ ሥራ መፍታት ነው። ድንኳኑን አይጥ ቀደደው፤ ትልልቆቹ ድስቶች ዝገት አወጡ፤ ሰዉ ወርሃዊ ስብሰባ መምጣት ተወ። ለቅሶ የሌለበት እድር ምን ያደርግልኛል የሚል ጉምጉምታም ተሰማ። አንድ ቀን ጋሽ ወንድይፍራው ከአንድ የግማሽ ቀን ሥልጠና ተመለሱና፣ በመፈለጊያ ላይ የማይገኝ ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ ይቆጠራል ሲባል መስማታቸውን ለሚልክያስ በስልክ ነገሩት። ስለዚህ እንዲገኙ ያድርጋቸው። የጠፋው አባል ሁሉ ሲፈልግ መድረኩ ፊቱ ድቅን ይበል። ሚልክያስ ሥራውን የተቀበለው ለእናቱ ብሎ ነው፤ አስካለ የድሮ ጎረቤቶቿን እያነሳች የምትተክዝበት ጊዜ እየበዛ ነበር።

ለጥቂት ጊዜ አሰበበትና መላ መታ። ሰንሰል ሰፈር ያደገ ሰው ጎረቤቱን ሲፈልግ ምን ብሎ ነው የሚጽፈው? በአፉ እንደሚለው ነዋ፦ የእገሌ ቤት የት ነው? ስለዚህ ለየአባወራው አንድ ገጽ ይከፈታል፤ አርዕስቱ ይኸው ጥያቄ ይሆናል፤ ከሥሩ ድሮ የት እንደነበሩ፣ አሁን የት እንደገቡ፣ በየት በኩል እንደሚኬድ ይጻፋል። ለናሙና እንዲሆን መጀመሪያ የእናቱን ጻፈ፤ ለእናት የሚጻፍ ነገር ደግሞ አይሰሰትም።

«የእትዬ አስካለ ቤት የት ነው? ድሮ ከወፍጮው ዝቅ ብሎ፣ የተሰበረው ቧንቧ ጋ ሳይደርስ። አሁን ቱሉ ዲምቱ። በትልቁ በር ይግቡ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ሲያልቅ በስተቀኝ፣ አረንጓዴ በር። እትዬ አስካለ ከቤት አትጠፋም፤ በሩም አይቆለፍም።»

ከዚያ የሌሎቹን እያከታተለ ጻፈ፤ ገጾቹን እርስ በርስ አያያዛቸው፤ ፎቶ አስገባ። ሥራው ያዘ። ሳምንት ሳይሞላ የጠፉ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ። ገላን የገቡት ልብስ ሰፊ አቶ ሻረው አብሮ አደጋቸውን አገኙና በስልክ ተላቀሱ። አስካለም ሁለት እንግዳ መጥቶላት ቤቱ ሲስቅ ዋለ። ቅር ያላቸው ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ ነበሩ። «ሰንሰል ሰፈር» ብለው ሲጽፉ አስካለ አንደኛ፣ ሻረው ሁለተኛ፣ ሰብሳቢው ሦስተኛ ይወጣሉ።

ዘገባው ላይ አንድ ነገር ዓይኑን የያዘው በዚያው ሰሞን ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት፣ አንድ ሰው «የዘውድነሽ ቤት የት ነው» ብሎ ጽፏል። ከየት ከተማ እንደጻፈ የሚያሳየው ቦታ ባዶ ነበር። በምን ዓይነት ስልክ እንደገባ የሚያሳየውም ባዶ ነበር። ገጹ ላይ የቆየው ግን ረጅም ሰዓት ነው፤ ማንበብ ብዙም የማይሆንለት ሰው ጣቱን በየፊደሉ እያስኬደ የሚያነብ ይመስል። በማግስቱም በዚያው ሰዓት መጥቶ ያንኑ ገጽ አነበበ። ሚልክያስ አንድ እንቅልፍ ያጣ ሽማግሌ ይሆናል ብሎ አለፈው።

እማማ ዘውድነሽ በዚያው ሳምንት የካ አባዶ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ።

እድሩ እንደ ዝናብ ያገኘ ማሳ ለመለመ። አይጥ የቀደደው ድንኳን ተጠግኖ ተተከለ፤ ከሸራው ውስጥ የታመቀ የሻጋታ ሽታ፣ እርጥብ አፈርና የቆየ ጢስ የተቀላቀለበት፣ ሰዉ ላይ ወረደ። ጋሽ ወንድይፍራው ደረታቸውን ነፍተው ወንበር ያስደረድራሉ፤ ሐዘንተኛም ደስተኛም ሆነው ሚልክያስን በክንዱ ይዘው፣ ይሄ ሁሉ ሰው መድረኩን አይቶ ነው የመጣው፣ አየህ አይደል፣ አሉት። አየ። ያላየው ነገር ቢኖር የሟቿ የልጅ ልጅ ደረጃውን በውሃ ታጥብ የነበረበትን ምክንያት ነው። ጭቃ ነበር፤ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ። የካቲት ነው፤ ዝናብ ከጣለ ቆይቷል።

ቀጥሎ «የሻረው ቤት የት ነው» የሚል መጣ። ሰዓቱ ያው ነው፤ ቦታው ባዶ ነው፤ ንባቡ ያዘግማል። ሚልክያስ ጠቅላላ ሁኔታውን ለራሱ አስረድቶ ጨርሶ ነበር፤ አጋጣሚ ነው፤ ሰው ሲያረጅ ይሞታል፤ እነዚህም ሳይሞቱ የቆዩትን ያህል ቆይተዋል። ቢሆንም ሻረው ጋ ደወለ፤ ደህና ናቸው፤ ለወንድ ልጃቸው ሠርግ ሱፍ እየሰፉ ነው። ብቻ ሊሰናበቱት ሲሉ፣ ጆሯቸው ላይ ችግር እንዳለ፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ጥሩንባ እንደሚሰሙ ነገሩት። በሁለተኛው ቀን መድረኩ ላይ የሻረው ፎቶ በጥቁር ፍሬም ወጣ።

ጥሩንባ። ሰንሰል ሰፈር ጥሩንባ የሚነፋው ባሻ ደርሰህ ነበር፤ ያረጀ ካፖርት የሚለብስ፣ በጭቃው ውስጥ እየተጎተተ የሚሄድ፣ የማንንም ቤት ሳይጠይቅ የሚያውቅ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ከየበሩ ቆሞ ይነፋና የሟቹን ስም ይጠራል። ልጅ እያለ ሚልክያስ የሚፈራው ጥሩንባውን አልነበረም፤ ከመነፋቱ በፊት ያለችውን አንዲት ረጅም ትንፋሽ ነበር፤ ሰውዬው አየር ሲስብ፣ የማን ስም እንደሚወጣ ሳይታወቅ። ሰፈሩ ሲፈርስ ባሻ ደርሰህ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ሞቶም ከሆነ የነፋለት ሰው የለም፤ ነፊው እሱ ነበርና።

«ባሻ ደርሰህ እዚህ ሰፈር ገባ እንዴ?» አለች አስካለ አንድ ጠዋት፣ ቅንጬውን እያወጣች።

«ምን አልሽ እማ?»

«ጥሩንባ ሰማሁ። የሱ አነፋፍ ነው፤ መጨረሻ ላይ የምትሰበረዋን አውቃታለሁ።»

ሚልክያስ ሻዩን አስቀምጦ ዘገባውን ከፈተ። «የአስካለ ቤት የት ነው።»

የናሙናውን ገጽ ወዲያው ሰረዘ። ከዚያ ስልኩ ላይ ያንኑ ጥያቄ ጽፎ ፈለገ። ገጹ ጠፍቷል፤ መፈለጊያው ግን ቀድሞ የወሰደውን ቅጂ ይዞ ቀርቷል፤ አንደኛ መልስ ሆኖ ከሥሩ ጥርት ባለ ፊደል አራተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ፣ አረንጓዴ በር፣ በሩም አይቆለፍም ይላል። ይነሣልኝ ብሎ አመለከተ። ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በትዕግሥት ይጠብቁ የሚል መልስ መጣለት። ሥራውን በደንብ ነበር የሠራው፤ ከዚያች ገጽ በላይ የደከመበት ገጽ አልነበረውም፤ መፈለጊያም እንደ ሰው ነው፣ የወደደውን ቶሎ አይለቅም።

በማግስቱ የብሎኩን ደረጃ የምታጸዳው ሴትዮ አንደኛ ፎቅ ላይ ቆማ ስትራገም አገኛት። ማን ነው በጠራራ በጋ ይሄን የመሰለ ጭቃ ተሸክሞ የሚገባው? ሚልክያስ ጎንበስ ብሎ አየ። አንድ እግር ነው፤ ሰፊ፣ ተረከዙ የሚጎተት። ደረጃውን አንድ ሁለት እርከን ጀምሮ፣ ቆሞ፣ ተመልሷል። ፎቅ ያልለመደ ሰው እግር ነው። አካባቢው ሰንሰል ሰንሰል ሸተተው፤ በጣት ሲጨመቅ የሚወጣው ያ መራራ የቅጠል ሽታ፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ጀምሮ አፍንጫው ጋ ያልደረሰ። በሚቀጥለው ቀን ጭቃው ሁለተኛ ፎቅ ደረሰ። እናቱ እቤት ውስጥ ደረቷን በእጇ ደገፍ አድርጋ፣ ዛሬ ድካም ድካም አለኝ አለችው።

ጀሞ፣ ጋሽ ወንድይፍራው ዘንድ ሄደ። ቤታቸው ምድር ላይ ነው፤ ከሚስታቸውና ከልጃቸው ከወይንሸት ጋር ይኖራሉ። ወይንሸት ሻይ አቅርባ ወጣች። ሚልክያስ መድረኩ ዛሬውኑ እንዲዘጋ ለመነ፤ ሌሎች ገጾች ላይ የተጻፈው አቅጣጫ ሁሉ ይጥፋ አለ። ጋሽ ወንድይፍራው የንባብ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

«ምክንያት አለው ይሄ ነገር?»

አለው። ነገራቸው። ከጥሩንባው እስከ ጭቃው፣ ዘገባውን በስልኩ እያሳየ፣ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። ሲናገረው ለራሱም የባሰ ጅል መሰለው። ሽማግሌው መጀመሪያ አዳመጡ፤ ቀስ በቀስ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በኋላ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«አድራሻ ጠፍቶበት ነው በለኛ ሳይመጣ የቆየው! እኛ ደግሞ ኮሚቴ አቋቁመን ላክንለት።» እንባቸውን ጠረጉ። «የኔ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማርንህ ለዚህ ነው? እናትህ ስላመማት ተረብሸሃል፤ ይገባኛል። መድረኩ ግን አይዘጋም፤ ገና አሁን ነፍስ ዘራ።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይልቅ አንድ ነገር አድርግልኝ። እኔ ሰብሳቢ ነኝ። ለምንድነው ሦስተኛ የምወጣው?»

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አየው። ቡናማ በር። ከመንገዱ እስከ በሩ አንድም ደረጃ የለም።

ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ረዳቱ ሳንቲም እያንቀጨቀጨ መዳረሻ ይጣራል፤ እሱ ምንም አይሰማም። መድረኩ ቢዘጋስ ምን ይጠቅማል? መፈለጊያው የያዘው የናቱ ቅጂ ብቻውን ይቀራል፤ ጠያቂው እሱን ያነባል፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከዚያ አራተኛ። ነገሩ መሰረዝ አልነበረም። ድርጅት ቢሮ ሲቀይር ለደንበኞቹ የሚሠራላቸው አንድ ቀላል ነገር አለ፤ አሮጌው ገጽ ሳይጠፋ፣ የጠየቀው ሰው ሁሉ ሳያውቀው አዲሱ ገጽ ላይ እንዲወርድ ማዛወር። ሰውዬው የፈለገውን ያገኘ ይመስለዋል። መፈለጊያውም አሮጌውን ቅጂ ጥሎ አዲሱን ይይዛል። የመፈለጊያ ሣጥን ከግራ ወደ ቀኝ ከማዛወር ብዙም አይለይም። ማስታወቂያ ግን አይወጣለትም።

እቤት ሲደርስ እናቱ አልጋ ላይ ነበረች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ መስሏል። ግንባሯን ሳመ። ከዚያ ተቀምጦ የጋሽ ወንድይፍራውን ገጽ እንደገና ጻፈው፤ በሕይወቱ እንዲህ ተጠንቅቆ የጻፈው ነገር የለም። ቃላቱ አጫጭር ነበሩ፤ ፊደሉን ከፍ አደረገ፤ ማንበብ ለሚቸግረው ሰው እንዲመች። ጀሞ። ከአስፋልቱ ዳር። የመጀመሪያው ብሎክ። ቡናማ በር። መጨረሻ ላይ ትንሽ አመነታና አንድ መስመር ጨመረ፦ ደረጃ የለውም። የሰረዘውን የናቱን ገጽ መልሶ አነሣና ወደዚያ አዛወረው። የሽማግሌውን ልመና እየፈጸምኩላቸው ነው፣ አለ ለራሱ፤ ይሄም ውሸት አልነበረም።

ጎህ ሳይቀድ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቀ። መጀመሪያ ጥሩንባው ከሩቅ መጣ፤ ከዳቦ ቤቱ ወዲያ፣ መጨረሻው ላይ እንደሚሰበር ድምፅ ሆኖ። ውሾቹ አልጮሁም። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ያ መጎተት፤ አንድ እርከን፣ ዕረፍት፣ አንድ እርከን፣ ዕረፍት፣ የረጠበ ጨርቅ ሲሚንቶ ላይ እንደሚጎተት። ሰንሰሉ ሸተተ። በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት፣ ይመጣ የነበረው የመተላለፊያው መብራት ቀጭን ብርሃን መሀሉ ላይ ጠቆረ። በወፍራም በር ተለይተው፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ። ሚልክያስ አፉን በእጁ ይዞ እንደ ልጅነቱ ስሙን ጠበቀ። ከኋላው እናቱ በእንቅልፏ «መጣሁ» አለች፤ ሰው በር ላይ ሲጠራት እንደምትለው።

ትንፋሹ ሳይነፋ ተመለሰ። ብርሃኗም በበሩ ሥር ተመለሰች። መጎተቱ ወደ ታች ወረደ።

በረንዳው ላይ ሲወጣ ሰማዩ ግራጫ ነበር። ትልቁ በር ጋ አንድ ካፖርት የለበሰ ነገር ቆሟል፤ በብብቱ ረጅም ነገር ይዟል፤ ፊቱን ወደ መዳፉ አቀርቅሮ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይዞራል። ውሾቹ አፍንጫቸውን መሬት ላይ አድርገው ተኝተዋል። ከዚያ ፊቱን ወደ ጀሞ አቅጣጫ መለሰና መራመድ ጀመረ።

ፀሐይ ሳትሞቅ ወይንሸት እያለቀሰች ደወለች።

በቀብሩ ቀን መድረኩ ያን ያህል ጎብኚ አይቶ አያውቅም። ጋሽ ወንድይፍራው በመጨረሻ አንደኛ ወጡ። አስካለ በእግሯ መጥታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች፤ ፊቷ ወዝ አውጥቷል፤ ሐዘንተኞቹን እግዜር ያጥናችሁ እያለች ታጽናና ነበር። ሚልክያስም ይሄው አለቀ ብሎ ተነፈሰ። በማግስቱ ዘገባውን ሲከፍት ግን ያው ሰዓት፣ ያው ባዶ ቦታ፣ ያው ጥያቄ። «የአስካለ ቤት የት ነው።» ለካ ጠያቂው ያጣውን አልረሳም፤ የተሳሳተ በር እንዳንኳኳ ገብቶት እንደገና ይጠይቃል። ገጹ የሚወስደው ደግሞ ወይንሸትና እናቷ ወዳሉበት ቡናማ በር ነው። ወይንሸትን ከልጅነቱ ያውቃታል። ለእሷ ሲል ወደ ሌላ ቤት አዛወረው።

ከዚያ ወዲህ መድረኩ የሚታይ ሆነ። ሚልክያስ በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ ተደርጎ ተመረጠ፤ ወጣቱ ለሰፈሩ የሚንገበገበውን ያህል ሽማግሌዎቹ እንኳ አልተንገበገቡም ተባለ። ሌት ተቀን ይሠራል። የጠፋችሁ የሰንሰል ሰፈር ልጆች ኑ፣ አድራሻችሁን ጻፉ፣ የበራችሁን ቀለም አትርሱ እያለ ጥሪ ያወጣል። ከአዋሳ፣ ከአዳማ ሳይቀር ይመጡለታል፤ ስላገኘኸን እግዜር ይስጥልን ይሉታል። ድንኳኑ ተጠቅልሎ አያውቅም፤ የሻጋታ ሽታው ለቅቆታል። የአስካለ ሐኪም የልቧን ምርመራ ሁለቴ አስደግሞ፣ መሣሪያው ሳይበላሽ አልቀረም አለ።

በጋሽ ወንድይፍራው አርባ ማግስት ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ነው የተሰበሰበው። ለአዲሱ ሰብሳቢ ምስጋና ቀርቦ ሳይጨበጨብ፣ ከኋላ ወይንሸት ከልዋን እንደለበሰች ተነሳች። ስልኳን ይዛለች። መድረኩ ይዘጋ አለች። ባለፈው ሰሞን ያየችውን ተናገረች፤ የእትዬ አስካለን ስም ስትነካ የገዛ አባቷ ቤት ይከፈትላት ነበር፤ ቆይታ ስትነካ የሌላ ሰው ቤት፣ ከዚያም የሌላ። የተከፈቱትን ቤቶች አንድ በአንድ ጠራች። በየስሙ አንድ አንድ ነጠላ ወደ ዓይን ወጣ።

«ሚልኪ» አለች። «መጀመሪያ ይዘጋ ያልከው አንተ ነህ። አባዬ እራት ላይ እየሳቀ ነግሮናል። ያኔ ምክንያት ነበረህ። አሁን ይዘጋ የምንለው እኛ ነን።»

ሸራው በነፋስ ተነፋና ረገበ። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሚልክያስ ፊቶቹን እያየ ሄደ፤ ከተወሰነ ጊዜ ጀምሮ ሰው ሲያይ ፊት አያይም፤ ያቺ ሁለተኛ ፎቅ ናት፣ ነጭ በር፤ ያኛው አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ሰማያዊ በር፤ እነዚያ ባልና ሚስት በቅርቡ የተገኙ ናቸው፣ ምድር ላይ፣ ደረጃ የለውም። ፊት ለፊቱ፣ በመጀመሪያው ረድፍ፣ እናቱ ጥርሷ እንደ ልጃገረድ ቆሎ እየሰበረ፣ ልጄ ያለ ምክንያት አያደርግም በሚል ዓይን ታየዋለች።

«መድረኩ አይዘጋም» አለ።

«ለምን?» አለች ወይንሸት።

«አልናገርም።»